የጋሽ ኤርሲዶ ሰሃን

እኅቴ አስቴር ክፉ ወሬ ስታወራ መጀመሪያ ትስቃለች። የሐሙስ ዕለቱ የድምፅ መልእክቷም በሳቅ ነው የጀመረው። «እትዬ፣ ያ የላክሁልሽ ቆጮ ደረሰ? ሻንጣው እንዳይሸት ብዬ በሦስት ላስቲክ ነው የጠቀለልኩት…»

ቆጮው ደርሶ ነበር። ከሆሳዕና የመጣች የሰፈራችን ልጅ አምጥታልኝ፣ እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ከሱቃችን ጀርባ ባለችው ጠባብ ማድቤት ሦስተኛውን ላስቲክ እየፈታሁ ነበር። ያ ጉድጓድ ውስጥ የኮመጠጠ የእንሰት ሽታ ፊቴ ላይ ሲወጣ የአስቴር ድምፅ ዝቅ አለ።

«ደግሞ፣ እትዬ፣ ጋሽ ኤርሲዶ ዐረፉ። ሞርሲቶ፣ ልጃቸው ቤት። ባለፈው ሳምንት ተቀበሩ። ታስታውሻቸዋለሽ አይደል? አናጺው።»

አስታውሳቸዋለሁ ወይ! እጄን ቆጮው ውስጥ እንደከተትኩ ቆሜ ቀረሁ።

በዚያው ሳምንት ከጸሎት ስንወጣ አንድ ወንድም ስልኩ ላይ ዜና እያየ፣ «እነዚህ ትልልቆቹ አንዱን ኒውክሌር ጥለው ቢገላግሉን ይሻል ነበር፤ ሰው በየቀኑ ከሚያልቅ» ብሎ ነበር። ሌሎቹ «ኧረ ተው» ብለው ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ያንን ቃል ከእሱ በፊት እኔ ተናግሬዋለሁ፤ በዐሥራ ሦስት ዓመቴ፣ በደርግ ጊዜ፣ ሆሳዕና አንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ቆሜ። ደግሞ ተጨብጭቦልኛል።

ጋሽ ኤርሲዶ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ነበሩ፤ የትምህርት ቤታችንን ዴስክና ጥቁር ሰሌዳ የሚጠግኑ አናጺ። ሚስታቸው ሞታለች፤ አንድ ልጃቸው ሞርሲቶ ተድራለች። የጸሎት ቤታችን በር ከታሸገ ወዲህ እሁድ እሁድ የሚጸለየው እኛ ቤት ነበርና እሳቸውም አይቀሩም።

ዘዴው የእናቴ ነበር። ሴቶቹ ጓሮ ተቀምጠው እንሰት ይፍቃሉ። በእኛ አገር ሴት እንሰት ወደምትፍቅበት ወንድ አይጠጋም፤ ነውር ነው። የቀበሌው ጠባቂም ቢሆን አብዮት ጠባቂ ከመሆኑ በፊት የሀዲያ ልጅ ነውና፣ አጥሩ ጋ ደርሶ የመፋቂያውን ድምፅ ሲሰማ ጉሮሮውን ጠርጎ ይመለሳል። ወንዶቹ ከጓሮው ጋር በሚዋሰነው ክፍል ውስጥ ይጸልያሉ፤ ሴቶቹ ደግሞ በመፋቂያው ምት መዝሙሩን አፋቸውን ሳይከፍቱ ያዜማሉ። ለብዙ ጊዜ ጌታ ኢየሱስ እንሰት ካልተፋቀ የማይመጣ ይመስለኝ ነበር።

ጸሎቱ ሲያልቅ ሁሉም በአንድ ትልቅ ገበታ ዙሪያ ይቀመጣል። ጋሽ ኤርሲዶ ብቻ ከመዶሻቸው ቦርሳ ውስጥ ጠርዟ ሰማያዊ የሆነች፣ አንድ ቦታ የተላጠች የቆርቆሮ ሰሃን ያወጣሉ። እናቴ ምንም ሳትል ትጨምርላቸዋለች። እሳቸውም ወደ በሩ መቃን ሄደው፣ ፊታቸውን ወደ ውጭ መልሰው ይበላሉ።

መጀመሪያ በሽታ አለባቸው ብዬ ጣታቸውን ቆጠርኩ። ዐሥሩም አሉ፤ አንዱ ጥፍር ብቻ መዶሻ መትቶት ጠቁሯል። ቀጥሎ ስስታም ናቸው አልኩ። በኋላ እናቴን ስጠይቃት፣ «የኮሪያ ነገር ነው፤ ዝም በይ» አለችኝ። እንግዲህ ኮሪያ የሚባል አገር ሰው ሁሉ ለብቻው የሚበላበት ነው ብዬ ደመደምኩ። ከባለሱቁ ከጋሽ ሽፋ ልጅ ከሙኒራ ጋር «ኮሪያ ኮሪያ» የሚባል ጨዋታ ፈጠርን፤ ዳቧችንን ይዘን ግድግዳ ግድግዳውን እያየን እንበላለን። መጀመሪያ የሳቀ ይሸነፋል።

በዚያ ዓመት ጥር ላይ ታላቅ ወንድሜ ማርቆስ ድንች ሊያመጣ ዶዮገና ሄዶ ሲመለስ ከመኪና አውርደው ለውትድርና ወሰዱት። ድንቹ መጣ፤ እሱ አልመጣም። እናቴ ያን ድንች ሳትቀቅለው በቀለ። በየምሳው የማርቆስን ድርሻ ታነሳና ትከድናለች፤ በማግስቱ ለእኔ ትሰጠኛለች። እኔ የወንድሜን ምግብ እየበላሁ ወፈርኩ።

ጦርነቱ ወደ ሰሜን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሰሜን ግን ለእኔ ከትምህርት ቤቱ ባሕር ዛፍ ጀርባ ነበር። ሰማይ ሲያጉረመርም እናቴ ቆማ ታዳምጣለች።

ግንቦት ላይ የታሪክ አስተማሪያችን መምህር ደሳለኝ ስለ ሰላም የሚከበር በዓል አለና ክርክር ይደረጋል አሉ። ርእሱን በሰሌዳ ጻፉት፦ «ጦርነትን ለማስቆም የአቶም ቦምብ መጣል ተገቢ ነው ወይስ አይደለም?» ዕጣ ወጣ። «አይደለም» ለሙኒራ ደረሳት፤ «ተገቢ ነው» ለእኔ።

ሙኒራ እልል አለች። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። መምህር ደሳለኝ ወደ ጎን ወሰዱኝና፣ «ምን ያስለቅስሻል? የኢምፔሪያሊስቶቹን ወገን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ብዙ አትድከሚ፤ መሸነፍሽ አይቀርም» አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ነበር። እኔ ግን በጸሎታችን ጥቅስ በቃል በመውጣት የታወቅሁ ልጅ ነበርኩ፤ መሸነፍ አልወድም።

የማውቀው እሳት አንድ ብቻ ነበር፤ ሰዶም ላይ የወረደው። ስለዚህ ቅዳሜ ጋሽ ኤርሲዶ ማርቆስን ተክተው ጓሯችን የእንሰት ችግኝ ሲተክሉ፣ እኔ ችግኝ እያቀበልኩ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ሰዶም ላይ የወረደው አቶም ነበር?»

ሳቁ። «ይህን ማን አስተማረሽ?»

«እግዚአብሔር ካቃጠለ፣ ማቃጠል ተገቢ ነው ማለት አይደል?»

ጉድጓዱን መቆፈር ትተው ተረከዛቸው ላይ ተቀመጡ። በሀዲይኛ ነበር የምናወራው፤ ለከባድ ነገር አማርኛ አይመቻቸውም። «ያኔ አብርሃም ቆሞ ተከራክሯል» አሉ። «ከኀምሳ ጻድቅ ጀምሮ እስከ ዐሥር አወረደው። እግዚአብሔር እንኳ ቆሞ ሰማው። ለጃፓኖቹ ከተማ ማን ቆሞ ተከራከረ?»

«እርስዎ ጃፓንን ያውቋታል?»

«ኮሪያ ዘምተን ሳለ ዕረፍት ሲሰጡን እዚያ ነበር የሚወስዱን።» ጭቃውን ከእጃቸው ላይ ማራገፍ ጀመሩ። «ልብስ የምታጥብልን ሴት ነበረች፤ በእናትሽ ዕድሜ። አንድ ቀን ጎንበስ ስትል ትከሻዋ ላይ አበባ አየሁ። እስከዚህ፣ እስከ አንገቷ ድረስ። እኔ የማውቀው የአገራችንን ሴቶች ንቅሳት ነው። ወደድኩት። ‹ግሩም ነው! ማን ነቀሰሽ?› አልኳት በእጄ እያሳየሁ።»

«ምን አለች?»

«ፈገግ ብላ አንገቷን ሸፈነች። በኋላ አስተርጓሚያችን ነገረኝ። ንቅሳት አይደለም። ቦምቡ የወደቀ ቀን የለበሰችው ልብስ አበባ ነበረው። ልብሱ ነደደ፤ አበባው ቆዳዋ ላይ ቀረ።»

ከያዝኩት ችግኝ ሥር ጭቃው ጉልበቴ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። አሁንም ቅዝቃዜው ይሰማኛል።

«በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቃት ሄድኩ» አሉ። «ማድነቅ በእጅ ይቻላል። ይቅርታ በምን ምልክት ይባላል? ልብሴን አጣጥፋ ሰጠችኝ። ተቀበልኩና ወጣሁ። ይኸው ነው።»

ልጅ ርኅራኄ የለውም ወይም እኔ አልነበረኝም። «ግን ጦርነቱ ቆመ አይደል?» አልኳቸው።

«ቆመ።»

«እንግዲያስ?»

 የሰሃናቸውን ነገር የነገሩኝ ያኔ ነው። «ኮሪያ አንድ ሰው ገድያለሁ። ሌላም ይኖር ይሆናል፤ እሱን ግን ፊቱን አይቼዋለሁ። ስተኩስ እሱም መተኮሱን አቆመ። ዝም ማለትና መታረቅ አንድ አይደለም፣ ልጄ። በደንባችን ሰው የገደለ እስኪታረቅ ድረስ እጁን ከሰው ጋር አንድ ገበታ ውስጥ አያገባም። ሽማግሌ የሟችን ወገን ይጠራል፣ ካሳ ይቀበላሉ፣ አብረው ከአንድ ሰሃን ይበላሉ፤ ያኔ ያልቃል። የእኔን ሟች ወገን ማን ይጥራልኝ? እስከ ኮሪያ የሚሄድ ሽማግሌ የት አለ?»

«እሁድ የሚሰብኩልን ወንጌላዊ ‹ጌታ አስታርቆናል› ይሉ የለም?»

«አስታርቆኛል። ከራሱ ጋር። ከዚያ ከገደልኩት ልጅ እናት ጋር ግን ተገናኝቼ አላውቅም።» መቆፈሪያውን አነሱ። «እኔ በአንድ ሰው ሰሃኔን ለየሁ። ያን ቦምብ የጣለውስ ከስንት ሰው ይለይ?»

እኔ አሁንም አልለቀቅኋቸውም። «ማርቆስን የሚመልሰው ቢሆንስ ጋሼ? አንድ ቦምብ ተጥሎ በማግስቱ ማርቆስ የሚመጣ ቢሆን?»

እናቴ ወዳለችበት ቤት አዩ። «አትጠይቂኝ» አሉ። «ማርቆስ የእኔ ልጅ ቢሆን ‹ጣሉት› እል ይሆናል። የሚያስፈራኝም እሱ ነው።»

ከዚህ ሁሉ ንግግር እኔ ይዤ የገባሁት አንዲት ቃል ናት፤ «ጣሉት»።

በክርክሩ ቀን አዳራሹ ሞልቷል። ከፊት ከዳይሬክተሩ አጠገብ የቀበሌ ካድሬ ተቀምጧል። ጋሽ ኤርሲዶ የተሰበረ አግዳሚ ጠግነው ሳይጨርሱ ሰው ስለገባባቸው መዶሻቸውን እንደያዙ በሩ አጠገብ ቆመዋል።

ሙኒራ የተጻፈላትን በጥሩ ድምፅ አነበበች። እኔ ወረቀት አልያዝኩም። «ክቡራን ዳኞች» አልኩ፤ «ጦርነት ሲቀጥል ሰው በየቀኑ ያልቃል። በአንድ ቀን ብዙ ሰው ሞቶ ጦርነቱ ካለቀ ከዚያ ወዲያ የማንም ወንድም ከመኪና አይወርድም። የማንም እናት ምግብ ከድና አታስቀምጥም።»

 ወንድም ያልሄደበት ቤት አልነበረማ! ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ከዚያ ሁሉም። መምህር ደሳለኝ ላባቸውን ሲጠርጉ አየሁ።

ሙኒራ ከወረቀቱ ወጣች። «ሕፃናቱስ?» አለች። «አንቺ! እዚያ ከተማ ያሉት ሕፃናት ጠመንጃ ይዘው ነበር? መልሺ!»

 ዙሪያዬን አየሁ፤ ዓይኔ በሩ ላይ አረፈ። እንዲህም አልኩ፦ «መግደል ሁሉ ክፉ አይደለም። እዚህ መካከላችን ከአሜሪካኖች ጋር ኮሪያ ዘምቶ ሰው የገደለ አለ። ጋሽ ኤርሲዶ ናቸው። ገደሉ፣ ጦርነቱ አለቀ፣ አሁን የእኛን እንሰት ይተክላሉ። ማነው ክፉ ሰው ናቸው የሚል? እሳቸው ራሳቸው ‹ጣሉት እል ይሆናል› ብለውኛል!»

በእግዚአብሔር ፊት እናገራለሁ፤ ያመሰገንኳቸው መስሎኝ ነበር። የሚስቁ ነበሩ፤ የሚያጨበጭቡም። ካድሬው ግን ወንበሩን አዞረ።

«ጓድ አናጺ፣ እውነት ነው? ከአሜሪካ ጋር ነው የዘመትከው?»

«እውነት ነው» አሉ።

«ስንት ገደልክ?»

«አንድ የማውቀው።»

«እና አሁን ለልጆቻችን ኒውክሌር ይጣል ብለህ ታስተምራለህ?»

ጋሽ ኤርሲዶ አንድ እርምጃ ወደ መካከል ገቡ። «ልጅቷ ያለችው…» ብለው ጀመሩ። ያን ቀን አማርኛው ጨርሶ እምቢ አላቸው። አፋቸውን ከፍተው ቃል ሲፈልጉ ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። እሳቸው ግን እኔን አዩኝ። ቆጣ ቢሉ ኖሮ እችለው ነበር። ያቺ አጣቢ ሴት እንዳደረገችው ነው ያደረጉት፤ ፈገግ አሉና የሸሚዛቸውን አንገት ሰብሰብ አድርገው ወጡ።

ዳኞቹ እንደታሰበው ለሙኒራ ፈረዱ። መምህር ደሳለኝ በረንዳው ላይ ያዙኝና፣ «እንድትሸነፊ እኮ ነበር ያቆምኩሽ። ምነው የሰዉን ልብ እንዲህ ባላሸነፍሽ!» አሉኝ። ሌላ አልተናገሩኝም። ልጆቹ «ቦምቢት» የሚል ስም አወጡልኝ፤ ሙኒራ ብቻ አልጠራችኝም። «ኮሪያ ኮሪያ»ም ከዚያ ወዲያ አልተጫወትንም።

ጋሽ ኤርሲዶን በዚያው ሳምንት ቀበሌ ጠሯቸው። ሦስት ቀን ታስረው ቆዩ። ከዚያም ሕዝብ ፊት አቁመው ራሳቸውን እንዲሄሱ አደረጓቸው፤ የትምህርት ቤቱም ሥራ ቀረ። ከተለቀቁ በኋላ እሁድ እሁድ እኛ ቤት አልመጡም። እኔ ተቀየሙኝ ብዬ ነበር። ለካ የሚከታተላቸው ሰው ስላለ ወደ ጸሎታችን ይዘውት እንዳይመጡ ነው። ይህን እናቴ ስትናገር በጆሮዬ የሰማሁት ከሰፈራችን ከሄዱ በኋላ ነው።

ሐምሌ ውስጥ ማርቆስ መጣ። በቦምብ አልመጣም፤ የቀኝ እጁን ሁለት ጣት ትቶ፣ ልኩ ያልሆነ ካፖርት ለብሶ፣ በጭቃ ውስጥ በእግሩ ነው የመጣው። እናቴ ለሠርግና ለበዓል ብቻ የሚሠራውን፣ ቡላው በቅቤና በወተት የሚበስለውን አተካና ሠራች። ዘመድ ተሰበሰበ። ገበታው መካከል ተቀመጠ፤ ቅቤው ጠርዝ ጠርዙን ይፈስሳል።

ማርቆስ ተነሣ። የድስት ክዳን ወስዶ ገለበጠና በግራ እጁ ትንሽ ጨለፈ። ከዚያም ወደ በሩ መቃን ሄዶ፣ ፊቱን ወደ ዝናቡ መልሶ ተቀመጠ።

ማንም ሂድ አላለውም። ማንም ምን ሆንክ አላለውም። ሁላችንም የማን ቦታ እንደሆነ አወቅን።

እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ታደለች፣ ሩጪ። ጋሽ ኤርሲዶን ጥሪ። ‹ሰሃንዎን ይዘው ይምጡ፤ ልጁ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው አጣ› በያቸው።»

ሮጥኩ። አጥሩ ጋ ደረስኩ። ጋሽ ኤርሲዶ በረንዳቸው ላይ ሳንቃ እየላጉ ነበር፤ የእንጨቱ ሽታ በዝናቡ ውስጥ ይመጣል። ያቺ ሰማያዊ ጠርዝ ሰሃን ታጥባ አግዳሚው ላይ ተደፍታለች። ቀና ብለው አዩኝ። መላጊያውን አቆሙ፤ የምናገረውን ጠበቁ።

ሦስት ቃል ነበር። «እናቴ ትጠራዎታለች ጋሼ።» ከዚህ በፊት ግን መባል ያለበት ሌላ ቃል እንዳለ አውቅ ነበር፤ እሱ አልወጣ አለኝ። ዞሬ ሮጥኩ።

«የሉም» አልኳት እናቴን።

ማርቆስ ያን ክረምት በሙሉ በድስት ክዳን ለብቻው በላ። ጋሽ ኤርሲዶ ግን ያን ያህል አልቆዩም። በነሐሴ መዶሻቸውንና መላጊያቸውን በአህያ ጭነው ሞርሲቶ ወደ ልጃቸው ሄዱ። ሊሰናበቱን በራችን ላይ ቆሙ፤ አልገቡም። እናቴን እንዲህ ሲሏት ሰማሁ፦ «ልጁ ሲመጣ የምትጠሩኝ መስሎኝ ነበር።»

እናቴ ዞራ አየችኝ። እስክትሞት ድረስ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልጠየቀችኝም።

በዚያ ክርክር ማን ትክክል እንደነበረ ዛሬ የሚጠይቀኝ ቢኖር፣ የሙኒራን ጥያቄ ያኔም አልመለስኩም፤ ዛሬም መልስ የለኝም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። እኔ አንድ ሽማግሌ በድዬ፣ በአጥር ማዶ ቆመው እየጠበቁኝ፣ ቋንቋቸውን እያወቅሁ ይቅርታ ማለት አልቻልኩም። ከተማ ያቃጠለ የሚለውን ከየት ያመጣዋል? በየጾም ጸሎቱ ይህን ወደ ጌታ አቅርቤአለሁ፤ እንዳስታረቀኝም አምናለሁ። ከራሱ ጋር።

አሁን ሞርሲቶ ላላችሁት፣ ለልጃቸውና ለልጅ ልጆቻቸው፣ በመጨረሻ ዘመናቸው አጠገባቸው ለነበራችሁ ሁሉ አንድ ነገር እለምናለሁ። አስቴር ይህን ታነብላችኋለች። እባካችሁ ንገሩኝ፤ ከእናንተ መካከል አንድ ሰው፣ ምንም የማያውቅ ሕፃን እንኳ ቢሆን፣ እጁን ሰሃናቸው ውስጥ ከቶ አብሯቸው በልቷል? በልቶ ከሆነ ሰሃኗ የእሱ ናት፤ ይያዛት።

ማንም ካልበላ ግን አትጣሏት። ወደዚህ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። በላስቲክ ጠቅልላችሁ ላኩልኝ፤ እጄን የምከትባት እኔ ነኝ፤ እንዳታጥቧት።